በኪራይ መሬት ላይ ሞቶክሮስ፦ ከጎንደር ልጆች ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከወር በፊት ፒያሳ ቡና ላይ ያወራሁት ነገር ከተማውን ዞረና ጥያቄ ይዞብኝ ተመለሰ። ወሬው ይሄ ነው። ካሊፎርኒያ ሳለሁ ከ2 ጓደኞቼ ጋር ሆኜ በኪራይ መሬት ላይ ያለ የሞቶክሮስ ሜዳ ለ6 ዓመት አስተዳድሬያለሁ። እኔ ሞተር ላይ አልወጣም። ሥራዬ ሒሳብ መያዝና ሜዳውን ውሃ ማጠጣት ነበር። ሜዳው ዛሬ የለም። እዚህ ግን "ጎንደር ላይ ለምን አንከፍትም?" የሚለኝ ሰው በዛ። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል እነሆ። የማነሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ሞቶክሮስ የሚባለው መንገድ ላይ የሚደረገው እሽቅድምድም ነው?

አይደለም፤ አስፋልት አይነካም። አፈር ላይ የተሠራ፣ ዙሪያው የተዘጋ ሜዳ ነው። ለትልቅ ውድድር የሚሠራው አንዱ ዙር ከ1.5 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። ጉብታ፣ ዝላይና ጠማማ መታጠፊያ አለው። ተወዳዳሪዎቹ፣ አንዳንዴ 40 ሆነው፣ ከአንድ የብረት በር ጀርባ ይሰለፋሉ። በሩ ሲወድቅ ሁሉም በአንዴ ይፈተለካሉ። ጅማሬው እንግሊዝ አገር ነው፣ በ1924። በእኛ አቅራቢያ ናይሮቢ ውስጥ ጃምሁሪ የሚባል ሜዳ አለ። ራቅ ካላችሁ ደግሞ ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ውስጥ ዶኒብሩክ አለ።

ጥያቄ (ከጠዳ)፦ አጎቴ መሬት አለው። ለ5 ዓመት አከራይሃለሁ ብሎኛል። ልግባበት?

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ የእኔን ስማኝ።

የመጀመሪያው ውላችን 5 ዓመት ነበር። ሲያልቅ ባለመሬቱ "ምን አስቸኮለን፣ በየወሩ እንቀጥል" አለን። ኪራይ ስላልጨመረ ደስ አለን። ሞኞች ነበርን። በየወሩ ማለት በ30 ቀን ማስታወቂያ ውጡ ማለት ነው። ያንኑ ዓመት ሜዳው አሸዋ በዝቶበት ስለነበር ሸክላ የበዛበት አፈር በከባድ መኪና እያስጫንን አምጥተን ደፋንበት። ገንዘቡን ተበድረን ነው። አፈሩ ገና ሳይረገጥ ደብዳቤ መጣ። መሬቱ መጋዘን ለሚሠሩ ሰዎች ተሸጧል።

አፈራችንን እንውሰድ አልን። ውሉ ላይ "ከመሬቱ ጋር የተቀላቀለ ሁሉ የመሬቱ ነው" የሚል አለ። ለካ ፈርመንበታል! ሌላም አንቀጽ ነበር፤ ቦታውን እንደነበረ አድርጎ መመለስ የሚል። ስለዚህ ዶዘር ተከራየንና ስንት ዓመት የቆለልናቸውን ዝላዮች በ4 ቀን ደለደልናቸው። ከኪሳችን ከፍለን።

ይሄ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እዚያው ካሊፎርኒያ ሳድልባክ ፓርክ የሚባል ዝነኛ ሜዳ ነበር። መሬቱ የአንድ ትልቅ የመሬት ኩባንያ ስለነበር በ1984 ተዘጋ። ካርልስባድ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና ዙር ሲያስተናግድ የኖረ ሜዳ ነው። እሱም በ2004 ተዘግቶ በቦታው የኢንዱስትሪ መንደር ተሠራ። ሁለቱንም ተመልካች አጥተው አይደለም ያጣናቸው። ከተማ እየሰፋ ሲመጣ ደግሞ ባለመሬትን ከሞተር ኪራይ ይልቅ ሕንፃ ያዋጣዋል።

ወደ አጎትህ ልመለስ። ጠዳም አዘዞም ከተማው ወደዚያ እየሄደ ነው፤ ነገሩ ገብቶሃል። አጎት ነው ብለህ በቃል አትግባ። የገጠር ይዞታ ከሆነ ውሉ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የአጎትህ ሚስትና ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆቹም ይስማሙ። አጎትህ ሰው ነው፤ ነገ የለም ቢባል የምትነጋገረው ከወራሾቹ ጋር ነው። ስንት ወር ቀድሞ እንደሚነግርህ፣ ያመጣኸው አፈር የማን እንደሆነ፣ ስትወጣ ማን እንደሚደለድል በጽሑፍ ይሁን። ቤት አትሥራ። ኮንቴነር አስቀምጥ፤ ተጭኖ ይሄዳል። የመነሻውንም በር ከሲሚንቶ ጋር አትቅበረው።

ደግሞ ለአጎትህም ልናገርለት። ዶዘርና ሞተር የረገጠው ማሳ ቶሎ ለጤፍ አይሆንም። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተጠርጎ አንድ ጥግ ካልተከመረ ነገ የሚመለስ ነገር የለም። ይሄን ሳትነግረው ካስፈረምከው ዘመድ ታጣለህ።

ጥያቄ (ከአውቶፓርኮ)፦ ከከተማ አስተዳደሩ በሊዝ ብንወስድስ?

ሊዝ ሌላ ነገር ነው። ዘመኑ ረጅም ስለሆነ ያስተማምናል። ግን ለምን ሥራ እንደወሰዳችሁት ውሉ ላይ ይጻፋል፤ በተባለው ጊዜ ግንባታ መጀመርም ግዴታ ነው። የሞቶክሮስ ሜዳ ደግሞ አይተውት ግንባታ አይመስልም። የአፈር ክምር ነው። "ሥራ አልጀመሩም" ተብላችሁ ስታስረዱ ይታየኛል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ገንዘቡ የሚገኘው ከውድድር ነው አይደል?

ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። የውድድር ቀን ሰው ይሞላል፣ ሙዚቃ አለ፣ ማታ ሒሳብ ስትሠራ እጅህ ላይ ሳንቲም ነው የሚቀረው። አምቡላንስ ቀኑን ሙሉ ይከፈለዋል። የዕለቱ ኢንሹራንስ አለ። አደጋ ሲኖር ለነጂው ምልክት የሚሰጡ ባንዲራ ያዦች አሉ፣ ሰዓት መዝጋቢ አለ፣ ዋንጫ አለ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ይከፈላቸውና ሰው አይመጣም።

እኛን ያቆየን የረቡዕና የቅዳሜ ልምምድ ነበር። ሰው በሩ ላይ ከፍሎ ይገባል፣ ይነዳል፣ ይሄዳል። ዋንጫ የለም። ጩኸትም የለም፤ ከሞተሩ በስተቀር። ስለዚህ ጥያቄው "ለውድድር ስንት ሰው ይመጣል?" ሳይሆን "ጎንደር ውስጥ በየሳምንቱ ከፍሎ የሚነዳ ስንት ሰው አለ?" ነው። የሞቶክሮስ ሞተር ያለው ስንቱ ነው? ቁጠሩ እስቲ። የመንገድ ሞተሩን ይዞ ልዝለል የሚለውን አትቁጠሩ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከቀበሌ 18)፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ሞተር ሞተር ይላል። ዕድሜው ይፈቅዳል?

እህቴ፣ እዚያ አገር በ4 ዓመት የሚጀምሩ አሉ። ለትንንሾቹ 50 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ መጠን መለኪያ ነው)፣ እንደርስዎ ልጅ ላሉት 65 ሲሲ፣ ከዚያ 85 ይከተላል። በትልቅ ሰው ሞተር እንዳያስጀምሩት፤ እግሩ መሬት መድረስ አለበት። ሄልሜት፣ የደረት መከላከያ፣ ረጅም ቦት ጫማ፣ የጉልበት መከላከያ ግዴታ ነው። ሳይሰበር የሚያድግ ልጅ ግን ጥቂት ነው። ይሄን ሳልደብቅ ልንገርዎት።

ለነጋዴው ደግሞ ሕፃናት ቁም ነገር ናቸው። ትልቅ ሰው ብቻውን ይመጣል። ልጅ ከእናቱ፣ ከአባቱና ከእህቱ ጋር ነው የሚመጣው። ሻይና ሳንድዊቹን የሚገዛው ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ (ከኮላድባ)፦ የእኛ አገር ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፣ እዚህ አይሆንም?

ጠፍጣፋነቱ አይደለም ችግሩ። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ጎማ ይዞ ይቀራል፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት መሬት ነው። ቀዩ አፈር፣ ትንሽ ተዳፋት ያለው፣ ይሻላል።

ጥያቄ (ከሳሙና በር)፦ ከኪራይ ሌላ ትልቁ ወጪ ምንድን ነው?

ውሃ። ውሃ፣ ከዚያ ናፍጣ።

ደረቅ አፈር ላይ 20 ሞተር ሲነሳ ከኋላ ያለው ምንም አያይም። አደጋው የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሜዳው ማታና ጠዋት ይጠጣል። አብረን እናስላ። ዙሩ 1,600 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር ቢሆን 12,800 ካሬ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ውሃ ብናለብሰው 64,000 ሊትር ይፈጃል። 8,000 ሊትር በሚይዝ ሻወር ትራክ 8 ምልልስ። በጀሪካን ከሆነ ደግሞ 3,200 ጀሪካን። ለአንድ ማጠጣት!

ጎንደር ላይ ይሄን ቁጥር ጮክ ብዬ መናገር ያሳፍረኛል። የአንገረብ ውሃ ለከተማው አልበቃ ብሎ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ፣ እኛ አቧራ ልናጠጣ? አልፎ የሚሄድ ሰው ቢሰድበን እውነቱን ነው።

መውጫው ሦስት ነው። ሜዳውን ማሳነስ አንዱ ነው፤ 800 ሜትር በ6 ሜትር ከሆነ ወደ 24,000 ሊትር ይወርዳል። ሁለተኛው አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ ማድረግ ነው። እኛ የእንጨት ፍቅፋቂ እናርስበት ነበር። እዚህ ጣውላ ቤቶች የሚጥሉት ሰጋቱራ አለ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ወቅት መምረጥ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መሬቱ ገና የክረምቱን ውሃ ይዞ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ከከፈታችሁ የውሃ ነጋዴ ሎሌ ትሆናላችሁ።

ጥያቄ (አንድ መካኒክ)፦ ሞተሮቹ እዚህ ከፍታ ላይ ይደክማሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ዋና ቀዳዳ በጠበበች መቀየር ነው። በኮምፒውተር የሚሠራው ራሱን ያስተካክላል። አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሰው ቢሞትስ? "በራሴ ኃላፊነት" ብሎ ከፈረመ ነፃ ነን?

እዚያ አገር ሁሉም ሳይፈርም አይገባም፣ ለልጅ ወላጅ ይፈርማል። ፈርሞም የሚከስ አለ። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያየው ባንዲራ ያዥ ነበር ወይ፣ ዝላዩ በትክክል ተሠርቶ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ መዝለልም መቅደምም ክልክል ነው። ያዡ ስልክ ሲነካካ ከተገኘ ያ ወረቀት አያድንም። አምቡላንሷ በሽተኛ ይዛ ከወጣች ሌላ እስክትመጣ ሜዳው ይዘጋል። ይሄ ሕግ ያበሳጫል። ሰው ከፍሎ ቆሞ ይጠብቃል። አትሻሩት።

እኛን ኢንሹራንሱ አድክሞናል። አንድም ካሳ ሳንጠይቅ፣ ሌላ ሜዳ ላይ በደረሰ አደጋ ምክንያት የእኛም ክፍያ ተሰቀለ። ባለመሬቱ ደግሞ የእሱም ስም በኢንሹራንሱ ይግባ አለ። ከፋዩ ማን? እኛ። እናንተ ውል ሳትፈርሙ በፊት ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹን እየዞራችሁ ጠይቁ። የሚሸፍንላችሁ ካልተገኘ ነገሩ እዚያው ይቁም።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከአዘዞ)፦ ጩኸቱስ? ቅዳሴ አለ፣ በሽተኛ አለ።

አባቴ፣ ልክ ብለዋል። የእኛም ጎረቤቶች ከሜዳው በኋላ መጥተው ቤት የሠሩ ነበሩ፤ ቢሆንም እነሱ ናቸው ያሸነፉት። እዚህ እሁድ ከቀትር በፊት የማይታሰብ ነው። ለጥምቀት ውድድር እናድርግ የሚሉኝም አሉ። ሰው ሁሉ ፋሲል መዋኛ ነው፣ አልጋ የለም፣ ፖሊስም ሥራ ላይ ነው። ተዉት።

ጥያቄ፦ ጊዜውስ ሞተር የሚያስነዳ ነው?

አይመስለኝም። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ 20 ሞተር ሰብስቦ ማስጮህ በዚህ ሰዓት ማንንም ያስደነግጣል። ፀጥታው እስኪረጋ ሐሳቡን እናብስለው።

ጥያቄ (አሁንም የጠዳው ልጅ)፦ ሁሉንም ከለከልከኝ። የሚሆነውን ንገረኝ።

እሺ። በዓመት አትከራይ፤ በቀን ተከራይ። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ በዘፋኟ በሎሬታ ሊን ስም የሚጠራ እርሻ አለ። ከ1982 ጀምሮ የአሜሪካ አማተሮች ትልቁ ውድድር በየዓመቱ እዚያ ይደረጋል። ታዲያ የዘወትር ሜዳ አይደለም። በሌላው ጊዜ እርሻና መዝናኛ ነው።

አጎትህም ጤፉን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያነሳል። ጭዱ ከተከመረ በኋላ ባዶው ማሳ ላይ ገመድና ካስማ ይዘህ መስመር አውጣ። ዶዘር የለም፣ ሰው ሠራሽ ዝላይ የለም፤ ተዳፋቱ ራሱ ይበቃል። በዚያ ወቅት አፈሩ እየደረቀ ስለሚሄድ ትንሽ ሜዳ፣ ጥቂት ሞተር፣ ለ2 ቀን ብቻ። ሰኞ ካስማህን ነቅለህ ትሄዳለህ።

ለአጎትህ የምትከፍለውን አጎትህ ይንገርህ። ግን አንድ ነገር እንዳትረሳ። እህል ከተነሳ በኋላ ቃርሚያውን የሚግጠው የአጎትህ ከብት ብቻ አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ቀድመህ ተነጋገር፣ ለእነሱም ቁረጥላቸው። አለዚያ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ላም ቆማ ታገኛለህ፤ ቢጫ ባንዲራም አታውቅ።