መልስ፦ ማንኪያው ላይ ያለው መልህቅ ምንድን ነው?

ማንኪያዎ ላይ የተመታው መልህቅ የመርከብ ድርጅት ምልክት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። መልህቁ የመርከብ ድርጅት ምልክት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የበርሚንግሃም የብር መመርመሪያ ቢሮ፣ ማለትም የብርን ንጽሕና መርምሮ ማኅተም የሚመታው ቢሮ፣ ማኅተም ነው። ቢሮው በ1773 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ የከተማዋ የብርና የወርቅ አንጥረኞች ሰፈር እስከ ዛሬ ጁለሪ ኳርተር ይባላል።

የእርስዎ ማንኪያ ብር መሆኑንና ዕድሜውን ለማወቅ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዘው እጀታውን ከጀርባው ይዩት።

1. አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ግራ የሚራመድ አንበሳ ካለ 92.5 በመቶ ብር ነው።
2. ነጠላ ፊደሉ ዓመቱን ይነግራል። ፊደሉን ብቻ አይመልከቱ። ከሀ እስከ ፐ እንደማለት ተራው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ስለሚዞር፣ የፊደሉን ቅርጽና የከበበውን ጋሻ ከበርሚንግሃም የዓመት ፊደላት ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ። የለንደኑ ሰንጠረዥ ያሳስትዎታል። ከ1975 እ.ኤ.አ. በፊት ፊደሉ የሚቀየረው በሐምሌ ስለነበር አንዱ ፊደል ሁለት ዓመት ይነካል።
3. የንጉሥ ወይም የንግሥት ጭንቅላት ካለ ከ1784 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ግብር ተከፍሎበታል ማለት ነው።
4. ሁለት ሦስቱ ፊደላት ዕቃውን ለምርመራ ያቀረበው ባለወርክሾፕ ስም መጀመሪያ ፊደላት ናቸው።

መልህቁ የተመረመረበትን እንጂ የተሠራበትን ቦታ አያረጋግጥም።

አንበሳው ከሌለና "ኢፒኤንኤስ" (EPNS) የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ግን ላዩ ብቻ በብር የተለበጠ ነው፤ ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። በጋሻ ውስጥ ስለሚመቱት ማኅተም ይመስላሉ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

ማኅተሙ ላይ ማጽጃ አይፈትጉ። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ የተፋቀ ፊደል አይነበብም።