ሌቪንን ሳታዪ የላይኛውን መስመር እንዳትጽፊ

እህቴ፣ የወንድና የሴት ሠራተኞችን የሥራ እርካታ በኢንዲፔንደንት ቲ ቴስት (የሁለት ግሩፕ አማካይ ማወዳደሪያ) ሳወዳድር ኤስፒኤስኤስ የሚሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሁለት መስመር አወጣብኝ፣ ላይኛው ሲግኒፊካንት ነው (ሲጉ ከ0.05 በታች ነው) ታችኛው አይደለም፣ የቱን ልጻፍ ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። "ደስ ያለሽን ውሰጂ" ያለሽን ልጅ እንዳትሰሚው።

1. መጀመሪያ የሌቪን ቴስትን ሲግ (አውትፑቱ ላይ Sig. የሚለውን ቁጥር፣ ፒ ቫልዩውን) እዪ። እሱ ስለ ሚን (አማካይ) ልዩነት አይደለም የሚያወራው፣ የሁለቱ ግሩፕ ቫርያንስ (የቁጥሮቹ መበታተን) ይቀራረባል ወይ ነው የሚለው። ከ0.05 በታች ከወረደ ላይኛውን መስመር እርሺው፣ ታችኛው ነው ያንቺ፣ ዌልች የሚሉት፣ ቫርያንሱ እኩል ነው ብሎ የማይነሳው ቲ ቴስት።

2. ግሩፖችሽ ስንት ስንት ሰው አላቸው? እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ቴሲሴ ጤፍ በመስመር የዘሩና በብተና የዘሩ ገበሬዎች ምርት ላይ ነበር፣ በብተና 84 አገኘሁ፣ በመስመር ግን ስንት ቀበሌ በእግሬ ዞሬ 31 ብቻ። በሄክታር 14.3 እና 16.1 ኩንታል ወጣ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ምርቱ ከአማካዩ የሚበታተንበት መጠን) ግን የብተናው 3.1 የመስመሩ 6.2፣ እጥፍ! ትንሹ ግሩፕ በጣም የተበታተነው ሲሆን ላይኛው መስመር የሌለውን ልዩነት አለ ሊልሽ ይችላል። የቲ ቴስቱ ሲግ ላይ .042 ታች .131። ብር ከፍዬ ዳታውን ያሠራሁት ልጅ "ባለ .042ቱን ጻፍ፣ ያምራል" አለኝ፣ እኔም ጻፍኩ፣ ምዕራፍ አምስትን በሙሉ እሱ ላይ ገነባሁት።

ዲፌንስ ቀን፣ ቴሲሴን ቆሜ ሳቀርብ፣ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የመጣው ፈታኝ) ገጹን ገልጦ "ሌቪንህ ስንት ነው?" አለኝ። .000 አልኩ። "ታዲያ?" ዝም። አድቫይዘሬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ አንብቤዋለሁ ብሎ የፈረመው እሱ አልነበረም እንዴ! እንደገና ጽፌ ለማስገባት ቢሮ ስሄድ ደግሞ ሴትየዋ ከስልኳ ቀና ሳትል "ፎርም አልቋል ነገ ና"፣ ነገ ስሄድ "ፊርማው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው"፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ምርቃቱ አለፈኝ። እናቴ ቀሚስ አሰፍታ ነበር።

3. ሲግ .000 ካለሽ ዜሮ ነው ብለሽ አትጻፊ፣ ከ.001 በታች በይው። ታችኛው መስመር ላይ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (df የሚለው) ነጥብ ያለው ቁጥር ቢሆንብሽም አትደንግጪ፣ የኔ 35.7 ነበር፣ እንዳለ ጻፊው፣ የሚያውቅ ሰው ዌልች መሆኑ ይገባዋል።

ናሙናሽ አነሰ ብለው ቢያሾፉብሽም እኔንም አሹፈውብኛል። ቲ ቴስትን ያመጣው ጎሴት የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1908 "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ለትንንሽ ናሙና ብሎ ነው። እኔም በመጨረሻ "ልዩነቱ ሲግኒፊካንት አይደለም" ብዬ ምክንያቱን ጽፌ አስገባሁ፣ ያው ኤክስተርናል "አሁን ሠራህ" አለኝ። ዛሬ የዲፓርትመንቱ ልጆች አውትፑታቸውን ይዘው እኔ ጋ ነው የሚመጡት፣ በነጻ።

የሁለቱን ግሩፕ ብዛት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውንና የሌቪኑን ሲግ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።