አሮጌ የፎርትራን ፕሮግራም በየትኛው ነጻ ኮምፓይለር ይሠራል?

ጥያቄ፦ የጎርፍ መጠን የምናሰላበት በፎርትራን 77 የተጻፈ ፕሮግራም አለን። የሚያነበው ዳታ ድሮ በሰን ስፓርክ ማሽን የተቀመጠ ባይነሪ ፋይል ነው። ያሉን ዎርክስቴሽኖች ገሚሶቹ ኡቡንቱ፣ ገሚሶቹ ዊንዶውስ ናቸው። ሳይከፈልበት የሚገኝ፣ ያለ ቨርቹዋል ማሽን እዚያው የሚሠራ ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር) ጠቁሙን። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጂፎርትራንን ይያዙ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጂሲሲ (የነጻ ኮምፓይለሮች ስብስብ) አካል ነው። ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል ከፍቶ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂፎርትራን» ማለት ይበቃል። የኢንቴሉ ፎርትራን ኮምፓይለር አይኤፍኤክስም ነጻ ነው፤ ግን ጥቅሉ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ለእናንተ ሥራ ካርድ ማባከን ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኤምሲስ2ን (ኮምፓይለሮችንና መሰል መሣሪያዎችን ለዊንዶውስ የሚያቀርብ ነጻ ጥቅል) ይጫኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ስታርት ሜኑ ውስጥ በርከት ያሉ ተርሚናሎች ይደረደራሉ። «ኤምሲስ» በሚለው ውስጥ የሚገኘው ኮምፓይለር የሚያወጣው ፕሮግራም ያለ ኤምሲስ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠራው ረዳት ፋይል) አይነሳም፤ ንጹህ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው አይባልም። የሚከፈተው «ዩሲአርቲ64» ነው፤ በፓክማን (የኤምሲስ2 ጥቅል መጫኛ) የሚጫነውም ስሙ ውስጥ ዩሲአርቲ የሚል ያለበት ጂፎርትራን ነው። ኮምፓይል ሲያደርጉ «ስታቲክ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ዲኤልኤል አጣሁ ብሎ ይቆማል።

ዋናው ራስ ምታት ግን ኮዱ ነው። ከጂሲሲ 10 ወዲህ አንድን ሰብሩቲን (ንዑስ ፕሮግራም) አንዴ በኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)፣ አንዴ በሪል (ነጥብ ያለው ቁጥር) መጥራት ስህተት ተብሎ ሥራውን ያስቆማል፤ ስታንዳርዱን «ሌጋሲ» ካደረጉት ወደ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ከ72ኛው ዓምድ ያለፈ ጽሑፍ ተቆርጦ ይቀራል፤ የመስመሩን ርዝመት 132 ያድርጉት። ሰብሩቲኑ መጀመሪያ ሲጠራ ትክክል፣ ከዚያ በኋላ የተዘበራረቀ ቁጥር ካመጣ የድሮው ኮምፓይለር ተለዋዋጮቹን በማህደረ ትውስታ ያቆይለት ነበር ማለት ነው፤ «ኖ-አውቶማቲክ» የሚለው አማራጭ ይመልሰዋል።

የዳታው ነገር ደግሞ ይኸውና። ስፓርክ የቁጥሩን ከባድ ባይት ያስቀድማል፣ የእናንተ ማሽን ቀላሉን። እያንዳንዱ መዝገብ በፊትና በኋላው ርዝመቱን በ4 ባይት ይይዛል። 20 ሪል ቁጥሮች 80 ባይት ናቸው፤ ባይቶቹ ተገልብጠው ሲነበቡ 80 የነበረው 1,342,177,280 ይሆንና ንባቡ ይከሽፋል። «ኮንቨርት» የሚለውን አማራጭ «ቢግ-ኤንዲያን» (ከባዱ ባይት የሚቀድምበት) ይበሉት፤ ፋይሉን መለወጥ አያስፈልግም። ነገር ግን አማራጩ ለሁሉም ባይነሪ ፋይል ስለሚሠራ አዲስ የሚጻፈውም በዚያው ቅደም ተከተል ይወጣል። ይህን ካልፈለጉ ለአሮጌው ፋይል ብቻ «ኦፕን» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ኡቡንቱ ነው፤ ኢንተርኔት የለኝም። በፍላሽ መጫን ይቻላል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ይቻላል። ኢንተርኔት ባለው ኡቡንቱ ላይ ከአፕት ትእዛዝ ጋር «ዳውንሎድ-ኦንሊ» ሲጨምሩ ፋይሎቹ በአፕት መሸጎጫ ማህደር ውስጥ ይጠራቀማሉ። እትሙ ከእርስዎ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ 22.04 እና 24.04 አይደባለቁም። በሚያወርዱበት ማሽን ላይ ጂሲሲ አስቀድሞ ካለ አፕት ይዘለዋል፣ እርስዎ ጋ ሲደርስ ይጎድላል፤ ስለዚህ ምንም ያልተጫነበት ማሽን ይምረጡ። ፋይሎቹን በተናጠል ሳይሆን ሁሉንም በአንድ የዲፒኬጂ (የወረዱ ጥቅሎችን የሚጭን የኡቡንቱ መሣሪያ) ትእዛዝ ይጫኑ።