ቁመቱ ሳይለካ ስለ ልጁ ኩላሊት አትፍረዱ

ውድ ልጆቼ፣ በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በቅርቡ ሥራ የጀመራችሁ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፦

ዕድሜዬን በሕፃናት ሕክምና ያሳለፍሁ ነኝና ሥር ስለ ሰደደ የልጆች የኩላሊት ሕመም ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ይህ ሕመም ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ከእነዋሪ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ ቤቶች ውስጥ ስም ሳይሰጠው ለዓመታት ይቆያል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ ልጁ ካበጠ፣ ደሙ ካለቀና መተንፈስ ከቸገረው በኋላ ነው። ልናደርግለት እንችል ከነበረው አብዛኛው ግን ከዚያ በፊት ባለፉት ዓመታት ውስጥ ነበር።

ሕፃን ሲወለድ በእያንዳንዱ ኩላሊቱ በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይኖሩታል። ከእነዚህ የጠፋው አይተካም፤ የተረፉት የጎደለውን ሥራ ተከፋፍለው ይሸከማሉ፣ ከጊዜ ብዛትም እነሱ ራሳቸው ይጠባሳሉ። አዋቂዎችን ለዚህ የሚዳርጉት በአብዛኛው የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ሲሆኑ፣ በልጆች ዘንድ ግን ቀዳሚው ምክንያት አብሮ የሚወለድ የኩላሊትና የሽንት መተላለፊያ አፈጣጠር ችግር ነው። በወንዶች ልጆች የሽንት ቧንቧን ከውስጥ የሚጋርድ ስስ ሽፋን አብሮ ሊፈጠር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሽንቱ ወደ ኋላ እየገፋ ፊኛውንም ኩላሊቱንም ይጎዳል። ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል፤ ከተከፈተም በኋላ ኩላሊቱ ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ የወንድ ልጅ እናት ስታገኙ፣ ልጇ ሲሸና ሽንቱ ራቅ ብሎ ይወርድ እንደሆነ ወይስ ይንጠባጠብ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

በደጋው አገራችን አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ሲመጣ ቤተሰቡ «ብርዱ ነው» ይላል፤ አብዛኞቹ ልጆችም በእርግጥ ጤነኞች ናቸው። ነገር ግን አልጋ ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ሌሊት እየተነሣ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ፣ ወይም እድገቱ ከተገታ፣ የደከመ ኩላሊት ሽንትን ማወፈር ስለሚያቅተው ሊሆን ይችላልና ሽንቱን ሳትመረምሩ አትመልሱት።

ከመንዝ ወገን በባና ተጠቅልሎ የመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ለሚያየው የአምስት ዓመት ልጅ ይመስላል። ከንፈሩ ነጥቷል፤ ጉልበቶቹ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። እናቱ «ቀጫጫ ነው እንጂ በሽታስ የለበትም፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» አለችኝ። በእጇ የያዘችው የላቦራቶሪ ወረቀት ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወግደው ቆሻሻ) 1.2 መሆኑን ያሳያል፤ ከጎኑም «ጤናማ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያ ልኬት ለጎልማሳ ወንድ ጤናማ ሊሆን ይችላል። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ግን ጡንቻው ትንሽ በሆነ ልጅ ደም ውስጥ ይህን ያህል መገኘቱ ከባድ ነገር ነው። የልጆችን የኩላሊት አቅም የምንገምተው የልጁን ቁመት በሴንቲ ሜትር በ0.413 አባዝተን፣ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ለተለካው ክሬቲኒን በማካፈል ነው። ልጁን ግድግዳ አስደግፌ ስለካው 110 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ስሌቱም 38 ገደማ ሰጠ። ከ60 በታች ሆኖ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል፤ ከ15 በታች ሲወርድ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ የሚታሰብበት የመጨረሻው ደረጃ ይሆናል። ልጆቼ፣ ቁመት ያልተጻፈበት የልጅ ክሬቲኒን ምንም አይነግራችሁምና ሜትሩን ከክፍላችሁ አትለዩ።

የደም ግፊት መለኪያውም እንዲሁ ነው። የአዋቂ ካፍ በቀጭን ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ከፍ ያለ ግፊት ያለበት ልጅ ጤነኛ ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የልጆች ካፍ ከሌላችሁ እስኪገዛላችሁ ድረስ አለቆቻችሁን ከመወትወት አትቦዝኑ።

ሕክምናውን በተመለከተ ብዙ ሰው ኩላሊት ሲባል እጥበት ብቻ ይታየዋል፤ እኔ ግን ዓመታትን ማትረፍ ራሱ ሕክምና ነው እላለሁ። ግፊትንና በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን የሚቀንሱ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች የኩላሊቱን ድካም ያዘገያሉ፤ ሲጀመሩ ክሬቲኒንና ፖታሲየም መታየት አለባቸው፣ ልጁ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው ደግሞ ለጊዜው ይቆማሉ። ለደም ማነሱ አይረንና ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ የሚያነሣሣው ኤሪትሮፖይቲን፣ ለአጥንቱ ቫይታሚን ዲና ከምግብ ጋር የሚወሰድ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ለደሙ አሲድነት ባይካርቦኔት አለ። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ የሚያብጥና ሽንቱ አረፋ የሚሠራ ልጅ ኔፍሮቲክ ሲንድረም፣ ማለትም ኩላሊቱ ብዙ ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስበት ሕመም፣ ሊኖርበት ይችላል፤ አብዛኞቹ በፕሬድኒሶሎን ይድናሉ፣ ቢያገረሽባቸውም እንደገና ይታከማሉ፤ ለመድኃኒቱ ያልመለሱት ግን ሳይዘገዩ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላኩ። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል ስጡ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእነዚህ ልጆች አይሆኑም፣ ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም ያለ ጥንቃቄ አይሰጥ።

በምግብ ላይ ጅምላ ክልከላ አታድርጉ። ያበጠ ወይም ግፊቱ የጨመረ ልጅ ጨው ይቀንስ፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባውም ጨው እንደሚቆጠር ለእናቱ አስረዱ። ብዙ የሚሸናና ጨው በሽንቱ የሚያልቅበት ልጅ ግን ጨው ቢከለከል እድገቱ ይበልጥ ይጎዳል። ፕሮቲንንም እንደ አዋቂ አትቀንሱበት፤ የሚያድግ ልጅ ነውና። ፖታሲየሙ ከፍ ያለ ልጅ ድንች ሲበላ ተልጦና ተከትፎ በብዙ ውሃ ይቀቀልለት፣ ውሃውም ይደፋ።

ቤተሰቡ ልጁን ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ይዞት ሊሄድ ይችላል። እምነቱን አትጋፉ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይዞ እንዲሄድ፣ ሽንቱ የቀነሰና ያበጠ ልጅ ደግሞ ብዙ ውሃ መጠጣት ስለማይችል በጥቂቱ ቀምሶ እንዲጠመቅ በአክብሮት ንገሯቸው። ከካህኑ ጋር ብትነጋገሩ ቤተሰቡ ይበልጥ ይሰማችኋል።

በሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለትንንሽ ልጆች እጥበት ለማድረግ ለእነሱ ልክ የሆነ ዕቃና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ከገጠር ለሚመጣ ወላጅ ደግሞ መጓጓዣው፣ ማደሪያውና ከእርሻ መቅረቱ ከሕክምናው የማይተናነስ ሸክም ነው። ይህን አውቃችሁ ለወላጆች እውነቱን ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው፤ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካለም እሱም በራሱ አቅም ይስማ፣ መድኃኒቱን ለምን እንደሚውጥ ይወቅ።

ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትልኩትም የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የኩላሊት ችግር» ብቻ ጽፋችሁ አትስጡ። ቁመቱንና ክብደቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ክሬቲኒኑን ከተመረመረበት ቀን ጋር፣ የሽንት ምርመራውን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለእናቱ ስጡ፣ የሚቀጥለውን የክትትል ቀንም በቃል ጭምር ነግራችሁ መልሳ እንድትነግራችሁ አድርጉ።