መልስ፦ ከቦሮን ቅብ በኋላ የፕላዝማው እፍጋት ለምን ያሻቅባል?

የፊውዥን ማሽንህን የውስጥ ግድግዳ በቦሮን ከቀባህ በኋላ ኦክስጅኑ ቢቀንስም የፕላዝማው (በማሽኑ ውስጥ ያለው እጅግ የጋለ ጋዝ) እፍጋት ለምን እንዳሻቀበ ጠይቀሃል፤ ያሻቀበብህ በሃይድሮጅን ምክንያት ነው። ዳይቦሬን (ቅቡ የሚሠራበት የቦሮንና የሃይድሮጅን ውህድ ጋዝ) ሲሰነጠቅ ቦሮኑ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሃይድሮጅኑም አብሮት ይቀበራል። ፕላዝማው ሲመታው መልሶ ይወጣል። ሃይድሮጅኑን አስቀድመህ ለማውጣት እንዲህ አድርግ፦

1. የማግኔት መስኩን አጥፋ፤ ግሎው ዲስቻርጅ (ግድግዳውን ለማጽዳት በስስ ጋዝ ውስጥ የሚለኮስ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ) በጠንካራ መስክ ውስጥ ግድግዳውን በእኩል አያዳርስም።
2. ግሎው ዲስቻርጁን በንጹህ ሂሊየም አስኪደው። ጋዞችን በሞለኪውል ክብደታቸው በሚለየው የጋዝ መተንተኛ ላይ ክብደት 2 (ሃይድሮጅን) ወርዶ ሲረጋ አቁም። አታብዛው፤ ቅቡ በናኖሜትር የሚለካ ስስ ነው፣ ሂሊየሙ ይልጠዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በመተንተኛው ላይ ክብደት 28ንና (ናይትሮጅን) 32ን (ኦክስጅን) እይ። አብረው ከፍ ካሉ አየር እየገባ ነው። እኔ አንድ የቫኩም ክፍል ለቀናት ሳጸዳ ከርሜ ጥፋቱ የአንዲት ጋስኬት (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዳይቦሬን መርዛማና ተቀጣጣይ ስለሆነ፣ የሚያፈስ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ እንዳትለቀው።