ካርድ ያላወጣውን ሰው ቁጠሩት

ጤና ላይ ለምትሰሩ ልጆች፣ በተለይ ሪሰርች ልጀምር ነው ለምትሉኝ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ። ይዛችሁ የምትመጡት ፕሮፖዛል ብዙ ጊዜ አንድ አይነት ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ ያለውን ካርድ ሰብስበን ኮምፒውተር ላይ አስገብተን ይሄን ያህሉ ስኳር አለበት ይሄን ያህሉ ግፊት አለበት እንላለን። መጥፎ ነው አልልም። ግን ካርድ ያለው ሰው እኮ መጀመሪያውኑ መምጣት የቻለ ነው፣ የትራንስፖርት ያገኘ፣ አሰሪው የፈቀደለት፣ ልጅ የሚይዝላት ያገኘች፣ ባለፈው ሲመጣ ማንም ያላመናጨቀው። ስለ ጤና ፍትሃዊነት ልታጠኑ ከሆነ የምትፈልጉት የቀረውን ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ዳታችሁ ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1961 ኬር ዋይት የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣውን ቁጥር ሁሌ እደጋግማለሁ፣ የሰማችሁት ታገሱኝ። በአንድ ወር ውስጥ ከ1,000 አዋቂ ሰው 750ው አሞኛል ይላል፣ ሐኪም ጋ የሚሄደው 250 ነው፣ ሆስፒታል የሚተኛው 9፣ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርሰው 1። የድሮ ቁጥር ነው፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ፣ እናንተ የምትሰሩበት ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሕክምና የተማርነው እዛ 1 ሰው ላይ ነው! አሟቸው ያልሄዱት 500ዎቹስ? ከፊሉ ተራ ጉንፋን ነው፣ ሐኪምም አያስፈልገው፣ ከፊሉ ግን ፈልጎ ያልቻለ ነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ ቤቱ ሄዳችሁ ካልጠየቃችሁ ከካርድ አይገኝም።

ከ10 አመት በኋላ ጁሊያን ቱዶር ሃርት መጣ። ዌልስ ውስጥ ግሊንኮሩግ የምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ሐኪም ነበር፣ በ1971 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፈው በአጭሩ ጥሩ ሕክምና በጣም የሚያስፈልገው ሕዝብ ጋ ነው የሚያንሰው፣ ሕክምናው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ይብሳል የሚል ነው። ይሄን ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ እኔን የሚገርመኝ ግን የሰራው ስራ ነው። እስኪመጡ አልጠበቀም፣ የመንደሩን አዋቂ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ግፊት ለካ፣ ያገኘበትን ተከታተለ፣ የቀረውን ፈልጎ አገኘ፣ በዚህ አይነት ከ25 አመት በኋላ ሲታይ ያለ እድሜው የሚሞተው ሰው ኑሮው ከሚመሳሰለው ጎረቤት መንደር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተአምር የሚሰራ ማሽን አልነበረውም፣ የግፊት መለኪያና መዝገብ ነው፣ ደግሞም እዛው ኖረ። የሁለት አመት ፈንድ ይዞ መጥቶ የሚሄድ ሰው ይሄን አይሰራውም፣ ይሄን ስል የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ሌላው ነገር ጥያቄው የማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃክ ጋይገር የሚባል ሐኪምና ጓደኞቹ አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ ማውንድ ባዩ የምትባል ከተማ ላይ ጤና ጣቢያ ሲከፍቱ የገጠማቸው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ናቸው፣ ሐኪሞቹ ማዘዣ ወረቀት ላይ ምግብ እየጻፉ ሂሳቡን ከመድኃኒት በጀት ከፈሉ። ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቆጣ፣ የጋይገር መልስ ደግሞ እኔ የማውቀው የረሃብ መድኃኒት ምግብ ነው የሚል አይነት ነበር። ሰዉን ሰብስበው ሲጠይቁት የውሃ ጉድጓድ፣ ሽንት ቤት፣ የእርሻ ማህበር ሁሉ መጣ። እናንተ ስለ ግፊት ልትጠይቁ ሄዳችሁ ሰዉ ስለ ውሃ ካወራ ስለ ውሃ ጻፉ በቃ።

እምነት ደግሞ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ሃቫሱፓይ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝብ ስለ ስኳር በሽታ ነው ተብሎ ደም ሰጠ፣ ያ ደም ግን ሳይነገራቸው ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ዘር አመጣጥ ተጠናበት፣ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 በ700,000 ዶላር ስምምነት አለቀ፣ የተረፈው ደምም ተመለሰላቸው። ፊርማ ማስፈረምና ማስፈቀድ እንዴት እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት ሂዱ፣ ከጻፋችሁ በኋላ የሚደረግ ውይይት ለፎቶ ነው። ከአካባቢው ሰው ስታሰሩ ክፈሉ፣ ጊዜው ነፃ አይደለም፣ በጀቱ ላይም ከመጀመሪያው አስገቡት አለበለዚያ ኋላ ገንዘብ የለም ትባላላችሁ። እውነቱን ለመናገር ይሄ መንገድ ያዘገያል፣ አብረዋችሁ የጀመሩት ቶሎ ቶሎ ፐብሊሽ ያደርጋሉ፣ እድገትም ይቀድሟችኋል፣ አለቃም ይነጫነጫል፣ ለዚህ መፍትሄ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ውጤቱን ግን ፔፐሩን ከመላካችሁ በፊት ለሰዎቹ ንገሩ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ስላይድ ሳታበዙ። ይሄማ ልክ አይደለም የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። አትከራከሩት፣ ለምን እንዳለ ጠይቁትና ጻፉት፣ ገና ስላልላካችሁ ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ።