ፍጥነት፣ ፍጥንጥነት እና የተጣራ ጉልበት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ፍጥነት»ን ከ«ፍጥንጥነት» ጋር እያምታቱ ስሌታቸው ይበላሻል። ደግሞስ ትክክለኛው አባባል «የተጣራ ጉልበት» ነው ወይስ «የተጣራ ኃይል»?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «ፍጥንጥነት» እንደ «ዝርክርክ» እና እንደ «ብልጭልጭ» የቃሉን የመጨረሻ ድምፆች በመድገም የተበጀ ነው። ልዩነቱን ለተማሪ ለማስያዝ ግን ከስሙ ይልቅ «በ» እና «በየ» ይረዱዎታል፤ ፍጥነት «በሰከንድ ስንት ሜትር ሄደ?» ለሚለው መልስ ሲሆን፣ ፍጥንጥነት ደግሞ «ፍጥነቱ በየሰከንዱ ስንት ተለወጠ?» ለሚለው ነው። «2 ሜትር በሰከንድ ካሬ» የሚለውን «ፍጥነቱ በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል» ብለው ያስነብቧቸው።

ቃሉ አንድ ጉድለት እንዳለበት አልክድም። ለጆሮ መፍጠንን ብቻ ስለሚያመለክት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ፍሬን የያዘ አይሱዙም ሆነ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ጠመዝማዛውን የሚዞር መኪና ፍጥንጥነት አለው ቢባል ተማሪው ይገረማል፤ የፍጥነት መቀነስም የአቅጣጫ መለወጥም በዚሁ ስም እንደሚጠራ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

«የተጣራ» የሚለው ቅጽል ከደመወዝ የመጣ ያህል ግልጽ ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጅ የሚገባውን እንደምንለው ማለት ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ 5,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሱዙ ወደፊት የሚገፋው ጉልበት 3,000 ኒውተን፣ የአየሩና የመንገዱ ተቃውሞም 3,000 ኒውተን ቢሆን፣ የተጣራው ጉልበት ዜሮ ነው፤ መኪናው ቢከንፍም ፍጥንጥነት የለውም። ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ ግፊቱ 8,000 ሲደርስ፣ ተቃውሞው ገና ባለበት ቅጽበት፣ የተጣራው 5,000 ኒውተን ስለሚሆን፣ ይህ ለመኪናው ክብደት ለ5,000 ኪሎ ግራም ሲካፈል ፍጥንጥነቱ 1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 8,000ን ለ5,000 አካፍሎ 1.6 የሚጽፈው ተማሪ ያልተጣራ ደመወዙን የቆጠረ ሰው ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፣ እኔ «ጉልበት»ን እመርጣለሁ። «ኃይል» በዋት ለሚለካው ተይዟል፤ የመብራት ድርጅታችንም በስሙ የያዘው ይህንኑ ነው። «ጉልበት» የእግር መታጠፊያም መሆኑን የሚያነሱ አሉ፤ በኒውተን ስሌት መካከል ግን በዚያ የሚሳሳት ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።